እዩኝ ባይ ውሻ በቤተ ሰብ መካከል

ውሻ በአገራችን ከጥንት ጀምሮ የደጅ ጠባቂ እንጂ የእልፍኝ ባለሟል አልነበረም። ቀን በአጥር ጥግ ይተኛል፤ ሌሊት ጅብ ወይም ሌባ ሲመጣ ይጮኻል፤ ከማዕድ የተረፈውንም ይበላል። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚለው ተረት የሚያመለክተው ይህንኑ የሥራና የዋጋ ውል ነው። ጌታውና ውሻው በዚህ ውል ጸንተው ሲኖሩ አንዱ የሌላውን ፊት ለማየት ብዙም አይናፍቅም ነበር። ዛሬ ግን በከተማ በብዙ ቤት ውሻ ደጁን ትቶ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ በምንጣፍ ላይ ይተኛል፤ ከልጆችም ጋራ ይጫወታል። ሥራው ስለ ተለወጠ የሚጠይቀውም ዋጋ ተለውጧል፤ ይኸውም ከፍርፋሪው ይልቅ ዓይናችንንና ድምፃችንን የሚሻ ሆኗል።

በእልፍኝ የኖረ ውሻ ከዚህ በፊት ፈጽሞ አልነበረም ማለታችን ግን አይደለም። መጽሐፈ ጦቢትን ያነበበ ሰው፥ ወጣቱ ጦብያ ወደ ሩቅ አገር ሲሄድ ውሻው እንደ ተከተለው ያስታውሳል። የግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትንሽ ውሻ ሉሉም ከንጉሠ ነገሥቱ አጠገብ ሆኖ የተነሣቸው ፎቶግራፎች እስከ ዛሬ አሉ። እንግዲህ አዲሱ ነገር ውሻ ወደ ቤት መግባቱ ሳይሆን፥ ከገባ በኋላ ማን ማንን እንደሚያዝ በብዙ ቤት አለመታወቁ ነው። ይህን የምንጽፈው የሌላውን ቤት ለመተቸት አይደለም፤ ነገሩ በገዛ ቤታችን ደርሶ ስላየነው ነው።

የኛ ውሻ ስሙ መቻል ይባላል። ዘሩ የታወቀ አይደለም፤ መልኩ ቡናማ፥ ደረቱ ነጭ፥ አንድ ጆሮው ቆሞ አንዱ የወደቀ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ሴት ልጃችን ከዘመድ ቤት በቅርጫት ይዛው ስትገባ፥ ከኛ ጋራ የሚኖሩት እናታችን አዩትና በረጅሙ ተንፍሰው «እንግዲህ መቻል ነው!» አሉ። ልጆቹም ስም ያወጡለት መስሏቸው በዚያው ጠሩት፤ በዚያው ቀረ። በእውነትም ስሙ ለውሻው ሳይሆን ለኛ የወጣ እንደ ነበረ በኋላ አስተዋልነው።

ማታ ከሥራ ተመልሰን ለማንበብ በተቀመጥን ጊዜ መቻል መጥቶ የፊት እግሩን በጉልበታችን ላይ ያኖራል። ያላየነው እንደ ሆነ ክርናችንን በአፍንጫው ወደ ላይ ይገፋል፤ በእጃችን ሻይ ቢኖር ይደፋል። ይህም ካልሠራለት ይሄድና ነጠላ ጫማ ይዞ ይመጣል፤ አምጥቶም አይሰጥም፥ ልንቀበለው እጃችንን ስንዘረጋ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ይላል እንጂ። በስልክ ስንነጋገር ይጮኻል። ባልና ሚስት ጨዋታ ሲጀምሩ በመካከል ገብቶ አንዴ ወደ አንዱ፥ አንዴ ወደ ሌላው እየተመለከተ እንደ ሽማግሌ ይቀመጣል። እንግዳ በመጣ ጊዜ የሚያደርገውን ሁሉ ብንጽፍ ይህ ገጽ አይበቃም።

ከሁሉ የከፋው የወረቀቱ ነገር ነው። አንድ ቀን ማታ ከመሥሪያ ቤት ያመጣነውን የአንድ ፍርድ ግልባጭ በጠረጴዛ ላይ ዘርግተን ስናስተያይ፥ መቻል እንደ ልማዱ ጉልበታችንን ነካ። አላየነውም። ክርናችንን ገፋ። አሁንም አላየነውም። ከዚያ በኋላ ዘሎ ሦስተኛውን ገጽ በአፉ ይዞ ወጣ። እኛ ጋቢያችንን እየጎተትን ተከተልነው፤ ልጆቹ እኛን ተከተሉ፤ ዘበኛው በሩን ዘጋ፤ ባለቤታችን ከወጥ ቤት ማማሰያ ይዘው ወጡ። ውሻው ግቢውን ሦስት ጊዜ ዞረ። በመጨረሻ ከኮባው ሥር ይዘን ወረቀቱን ስናስለቅቀው ማኅተሙ ያለበት ጥግ ተቆርጦ በሆዱ ገብቶ ነበር። በማግሥቱ ለአለቃችን ያቀረብነውን ምክንያት እዚህ መጻፍ አያስፈልግም። ውሻው ግን ያን ቀን ማታ ጆሮውን ጥሎ፥ አንገቱን ደፍቶ፥ በጎን እየተመለከተን ስለ ተቀመጠ፥ «ተጸጸተ» ብለን ማርነው። ከሁለት ቀን በኋላ ጋዜጣ ይዞ ወጣ።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ የሣቅ ነበር። ሣቁን ያቆመው ባለፈው የበጋ ወራት የደረሰው ነው። የጎረቤታችን የሰባት ዓመት ልጅ ከልጆቻችን ጋራ ሊጫወት መጥቶ ኳስ ይዞ ሲሮጥ መቻል ዘለለበት። ልጁ ደንግጦ ጮኸ፤ እጁንም ወደ ላይ አንሥቶ ሸሸ። ውሻው ሩጫውንና ጩኸቱን እንደ ጨዋታ ቆጥሮ እጁን በአፉ ያዘ። ጥርሱም ቆዳውን በስቶ ደም ወጣ።

የእብድ ውሻ በሽታ በአገራችን ያለ፥ ምልክቱም በሰው ላይ አንድ ጊዜ ከታየ በኋላ ማዳኛው የማይገኝ ስለ ሆነ፥ በዚህ ጊዜ መደረግ ያለበትን አንባቢዎች ሁሉ ሊያውቁት ይገባል። ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ዐሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ማጠብ፥ በቅጠል ወይም በአመድ አለመሸፈን፥ ቁስሉ ትንሽ ነው ሳይሉ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም መሄድ ነው። ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1885 ዓመት ዮሴፍ ማይስተር የተባለውን የዘጠኝ ዓመት ልጅ በክትባት ከዚህ በሽታ ካዳነው ጀምሮ፥ በጊዜው ለደረሰ ሰው መከላከያ አለ፤ ምልክቱ እስኪታይበት ለዘገየ ግን የለም። ልጁን አጥበን ከእናቱ ጋራ ወደ ሐኪም ወሰድነው። ሐኪሙም የሚገባውን ሕክምና ካደረገ በኋላ የውሻውን የክትባት ወረቀት ጠየቀ፤ ይህን ወረቀት ውሻው ባለማግኘቱ እግዚአብሔርን አመሰገንን። ውሻው በየዓመቱ የተከተበ ቢሆንም ዐሥር ቀን ታስሮ እንዲጠበቅ አዘዘ። በንክሻው ጊዜ በለሃጩ ውስጥ በሽታው የነበረበት ውሻ ዐሥር ቀን ጤነኛ ሆኖ አይቆይምና፥ ዐሥሩ ቀን በደኅና ካለፈ ሥጋቱ ይወገዳል።

እነዚያ ዐሥር ቀኖች በቤታችን ረጅሞች ነበሩ። ባለቤታችን «ውሻው ከከተማ ወጥቶ ለዘመድ ይሰጥ» አሉ። ሴት ልጃችን ይህን ሰምታ እራቷን ሳትበላ ተኛች። እኛም እንደ ዳኛ መካከል ላይ ተቀምጠን ለሁለቱም «እናያለን» እንል ነበር፤ ይህ ቃል ፍርድ ለማይሰጥ ሰው እጅግ ምቹ ነው። ከሁሉ ይልቅ ያስጨነቀን የጎረቤታችን ነገር ነው። ከዚህች ሴት ጋራ ዐሥራ አንድ ዓመት ቡና ተጠራርተን ጠጥተናል፤ በሐዘንም በደስታም አልተለያየንም። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ብንጠራቸውም አልመጡም፤ «ሥራ ይዤ ነው» ብለው ላኩ። እንዲህ ያለ መልስ ከስድብ ይልቅ እንደሚከብድ ጎረቤት ያለው ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

በአምስተኛው ቀን ማታ መቻል በታሰረበት ሆኖ ሲያላዝን፥ ልጆቹ በመስኮት «ዝም በል!» እያሉ ሲጮኹበት፥ እኛም ወጥተን ስንገሥጸው፥ እናታችን ከመቀመጫቸው ሆነው ሣቁ። እናታችን በአሮጌው ሥርዓት ያደጉ ስለ ሆኑ ውሻ የነካውን ነጠላ ለብሰው ወደ ቤተ ክርስቲያን አይሄዱም፤ መቻልንም በሦስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን በእጃቸው አልነኩትም። ይሁን እንጂ በቤቱ ውስጥ ካለ ሰው ሁሉ እርሱ የማያስቸግረው እሳቸውን ብቻ ነበር። ጫማቸውን አያነሣም፤ ጉልበታቸውን አይነካም፤ እርሳቸው ባሉበት ክፍል ራቅ ብሎ ጸጥ ብሎ ይተኛል። እኛ ፈርቷቸው ነው እንል ነበር። ያን ዕለት ግን ምክንያቱን ጠየቅናቸው።

«ልጄ፥ እኔን ምን ብሎ ያስቸግረኛል? እናንተ አዝማሪውን እየሸለማችሁት ለምን ዘፈነ ትላላችሁ» አሉ።

«በምን ሸለምነው? ስንቆጣው ነው የምንውለው» ብንላቸው፥

«እርሱ ቁጣችሁን መች አወቀ! ተነሥታችሁ ወደ እርሱ መምጣታችሁን ነው የሚያውቀው» ብለው ወደ ፈትላቸው ተመለሱ።

ይህ ቃል ሌሊቱን አላስተኛንም። በሚቀጥሉት ቀኖችም ስለ ውሻ ጠባይ የጻፉትን ሊቃውንት ስንመረምር፥ እናታችን በአንድ ዓረፍተ ነገር የጨረሱትን እነርሱ በብዙ ድካም እንደ ደረሱበት አገኘን። ስኪነር የተባለ አሜሪካዊ በርግቦች ላይ ለብዙ ዓመታት የሠራውን ምርምር ከባልንጀራው ከፈርስተር ጋራ በ1957 በታተመ መጽሐፍ አስረድቷል። እንስሳ ዋጋ ያገኘበትን ሥራ ይደግማል። ዋጋው ፈጽሞ ሲቀር ጥቂት ጊዜ አብዝቶ ይሞክርና በኋላ ይተዋል። የሚያስደንቀው ግን ይህ ነው፤ ዋጋውን ሁልጊዜ ሳይሆን አንዳንድ ጊዜ ብቻ ያገኘ እንስሳ፥ ሁልጊዜ ካገኘው ይልቅ ሥራውን ለመተው ይዘገያል። ደጅ ጠኚን የሚያውቅ ሰው ለዚህ ማስረጃ ወደ ርግብ መሄድ አያስፈልገውም። በዐሥረኛው ቀን አንድ ጊዜ የተሳካለት ሰው በሚቀጥለው ጉዳዩ ሃያ ቀን ይቆማል።

ደግሞም ይህ የመታየት ፍላጎት በውሻ ላይ የተጨመረ ክፉ ጠባይ አይደለም፤ በዘሩ ውስጥ ያለ ነው። በ1959 ዲሚትሪ ቤልያዬቭ የተባለ የሩስያ ሊቅ በሳይቤሪያ ቀበሮዎችን ሰብስቦ፥ ከየትውልዱ ሰውን የማይፈሩትን ብቻ እየመረጠ ማራባት ጀመረ። ጥቂት ትውልድ ሳያልፍ ከነዚያ ቀበሮዎች የተወለዱት ጅራታቸውን የሚቆሉ፥ የሰው እጅ የሚልሱ፥ ሰው ትቷቸው እንዳይሄድ የሚያላዝኑ ሆኑ። ይህን ማንም አላስተማራቸውም። ሰው የማይፈራውን እንስሳ ሲመርጥ፥ እዩኝ የሚለውንም አብሮ መርጦ ነበር።

በእንግሊዝ አገር በፖርትስማውዝ ዩኒቨርሲቲም በ2017 ዓመት የሃያ አራት ውሾች ፊት ተመርምሮ፥ ሰው ፊቱን ወደ እነርሱ ባዞረ ጊዜ ከወትሮው ይልቅ ቅንድባቸውንና አፋቸውን እንደሚያንቀሳቅሱ ታወቀ፤ ምግብ ማየታቸው ግን ይህን ያህል አልለወጣቸውም። እንግዲህ መቻል ከጠረጴዛው ሥር ሆኖ ያን የሚያሳዝን ዓይኑን የሚያቀርበው፥ እያየነው መሆኑን አረጋግጦ ነው ማለት ይቻላል። ስለ ጸጸቱም ቢሆን ሐቁን ተረድተናል። አሌክሳንድራ ሆሮዊትዝ የተባሉ ሊቅ በ2009 ባሳተሙት ምርመራ፥ የውሻ የጥፋተኛ ፊት የሚታየው በመበደሉ ሳይሆን ጌታው ሲቆጣው እንደ ሆነ አስረድተዋል፤ ያልበደለውም ውሻ ከተቆጡት ያንኑ ፊት ያሳያል። በፍርድ ቤት ለኖርን ለኛ ይህ ብዙ ያሳስበናል፤ ነገር ግን ወደ ውሻው እንመለስ።

በልጁ ላይ የደረሰውም ከዚሁ የመጣ እንደ ሆነ ተረዳን። ውሻ ከባልንጀራው ጋራ ሊጫወት ሲፈልግ የፊት እግሮቹን ዘርግቶ ደረቱን ወደ መሬት ያስጠጋል፤ ኋላውንም ከፍ ያደርጋል። ማርክ ቤኮፍ የተባለ አሜሪካዊ በ1995 እንዳሳየው፥ ይህን እጅ መንሻ የመሰለ ምልክት በተለይ ሊነክስ ሲል ወይም ነክሶ እንደ ተመለሰ ያደርገዋል፤ «የምነክስህ በጨዋታ ነው፥ አትቀየም» እንደ ማለት ነው። መቻል ለጎረቤታችን ልጅ ይህን ምልክት አድርጎ እንደ ነበረ ልጆቻችን ያስታውሳሉ። ልጁ ግን የውሻ ቋንቋ አልተማረም። ውሻውም ከኛ ቤት የተማረው፥ ሰው ሲጮኽና ሲሮጥ ጨዋታው ደመቀ ማለት እንደ ሆነ ነው፤ ይህን ያስተማርነው ደግሞ በወረቀቱ ቀን ጋቢያችንን እየጎተትን እኛ ራሳችን ነን።

ከዚህ በኋላ ቤተ ሰቡን ሰብስበን ሕግ አወጣን። ውሻው ሲነካን፥ ሲገፋን፥ ሲጮኽብን ማንም እንዳያየው፥ እንዳይናገረው፥ በእጁም እንዳይገፋው፤ መግፋትም መንካት ነውና። ጸጥ ብሎ በተኛ ጊዜ ግን እኛ ቀድመን ስሙን ጠርተን እንድናሻሸው። ብዙ ሰው የሚስተው ይህን ሁለተኛውን ነው፤ ውሻው ጸጥ ሲል ዕረፍት አገኘን ብለን እንረሳዋለን፤ እርሱም ጸጥታ ዋጋ የሌለው ሥራ መሆኑን ይማራል። ደግሞም ቀኑን ሁሉ ብቻውን ውሎ ማታ የሚያስቸግር ውሻ ጥፋተኛ አይደለምና፥ ማለዳና ማታ ግማሽ ግማሽ ሰዓት በገመድ ይዘነው እንድንሄድ፥ በግቢም ገመድ እንድናጓትተው ተስማማን። በዚህ ጨዋታ ጥርሱ የሰው ቆዳ ከነካ ያለ ቁጣ ገመዱ ይወድቃል፤ ሰውየውም ዞሮ ይሄዳል። (ጠባዩ በድንገት የተለወጠ፥ ያለ ልማዱ ሰው ላይ የሚለጠፍ ወይም ከሰው የሚሸሽ ውሻ ግን ታሞ ይሆናልና፥ እርሱን ችላ ማለት አይገባም፤ ለእንስሳት ሐኪም ማሳየት ነው።)

ሕጉ በወጣ በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ነገሩ የባሰ ሆነ። የሚገፋው በአፍንጫው ነበር፤ አሁን በራሱ ይደበድበን ጀመር። የሚጮኸው በስልክ ጊዜ ነበር፤ አሁን በምሳም ሆነ። ሊቃውንቱ አብዝቶ ይሞክራል ያሉት ይህንን ነበርና ታገሥን። ልጆቹ ሕጉን አከበሩ፤ ባለቤታችንም አከበሩ። በአራተኛው ቀን ሕጉን የጣሰው ጸሐፊው ነው። መቻል የእኛን ቆብ ከመስቀያው አውርዶ፥ በአፉም መያዝ ስላቃተው ዓይኑ እስኪሸፈን ራሱ ላይ ደፍቶት ወደ እንግዳ ክፍል ገባና ከግድግዳው ጋራ ተላተመ። ሣቅን። እርሱም ከቆቡ ሥር ጅራቱን ቆላ። እናታችን ከጥግ ሆነው «ይኸው፥ ሸለማችሁት» አሉ። ለዚያች ሣቅ ዐሥራ ሁለት ቀን ያህል ከፍለናል፤ ቆብ የሚባል ነገርም በመስቀያ ላይ አልቀረም።

ከወር በኋላ ግን ለውጡ ታየ። መቻል አሁንም መጥቶ ጉልበታችንን አንድ ጊዜ ይነካል፤ ካላየነው ተመልሶ ይተኛል፤ ከተኛም በኋላ አንድ ዓይኑን ከፍቶ ስሙ እስኪጠራ ይጠብቃል። እናታችንም ጸጥ ባለ ጊዜ ከድፎ ዳቦ ቅርፊት እየቆረሱ ወደ እርሱ አቅጣጫ ሲወረውሩ አየናቸው። ስንጠይቃቸው «ከእጄ ወድቆ ነው» አሉ። ከሦስት ዓመት ጀምሮ እንዲሁ ይወድቅ እንደ ነበረ ሴት ልጃችን ነገረችን።

ጎረቤታችንን በሚመለከት፥ ዐሥሩ ቀን በደኅና ባለፈ በማግሥቱ ባለቤታችን ራሳቸው ሄደው ነገሩት፤ ይቅርታም ጠየቁ። ያን ጊዜ አልመጡም። የመጡት ከሁለት ወር በኋላ ልጃቸው «ውሻው የት አለ?» እያለ ስላስቸገራቸው ነው። ልጁን ውሻ ሲቀርበው እጁን በደረቱ አጥፎ እንደ ግንድ ቀጥ ብሎ እንዲቆም፥ እንዳይሮጥና እንዳይጮኽ አስተማርነው። መቻል በገመድ ተይዞ ቀረበ፤ ጫማውን አሸተተ፤ የሚሮጥ ነገር ስላላገኘ ተቀመጠ። ልጁ ስሙን ጠራው። እናቱ ስኒያቸውን በእጃቸው ይዘው ይህን ሁሉ ሳይናገሩ ተመለከቱ። ከቶና በኋላ ይነሣሉ ብለን ነበር፤ በረካ እስኪወርድ ተቀመጡ።

ውሻው ለዘመድ አልተሰጠም። የመሥሪያ ቤት ወረቀት ግን እስካሁን ወደ ቤት አናመጣም።